ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል፦ የሲያትል ደጋፊ ሂሳብ

(ምስል፦ በስልክ ላይ የተከፈተ የውጤት ሰንጠረዥ)

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። እንቁጣጣሽ ሰሞን ሲያትል ውስጥ የቤዝቦል ደጋፊን መለየት ቀላል ነው። የሚያየው የሂውስተንን ጨዋታ ነው፤ ሂውስተን ሲሸነፍ ብቻውን ያጨበጭባል። ሂውስተን ምን በደለው? መልሱ መደመርና መቀነስ ላይ ነው።

ፕሪሚየር ሊግ ለለመደ ሰው ነገሩ ግራ ነው። እዚያ ሰንጠረዡን እየመራ የጨረሰ ዋንጫውን ያነሳል፤ አለቀ። በአሜሪካ ቤዝቦል 30 ቡድኖች እያንዳንዳቸው 162 ጨዋታ ይጫወታሉ፤ ለስድስት ወር በየቀኑ ማለት ይቻላል። ያ ሁሉ ልፋት የሚያስገኘው ግን ዋንጫ ሳይሆን መግቢያ ነው። ከ2022 ጀምሮ (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው) ወደ ፕሌይኦፍ፣ ማለትም ወደ ዋንጫው ጥሎ ማለፍ፣ የሚያልፉት 12 ናቸው። መደበኛው ውድድር የሚያልቀው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መስቀል አካባቢ ነው። እንግዲህ ደጋፊ እንቅልፍ የሚያጣው በእነዚህ ሁለት በዓላት መካከል ነው።

አሁን ወደ ሂሳቡ። አሜሪካኖች «አስማተኛው ቁጥር» ይሉታል፤ አስማት ግን የለበትም። 163 ያዙ፤ 162ቱ ጨዋታና አንድ ተጨማሪ። የእናንተን ቡድን ድሎች ቀንሱ፤ የተፎካካሪውንም ሽንፈቶች ቀንሱ።

(ስክሪን ላይ፦ 163 − 88 − 70 = 5)

የእኛ ማሪነርስ 88 ጊዜ ካሸነፈ፣ ተፎካካሪው ሂውስተን ደግሞ 70 ጊዜ ከተሸነፈ፣ አምስት ቀረ ማለት ነው። እኛ ስናሸንፍ አንድ ይወርዳል። እነሱ ሲሸነፉም አንድ ይወርዳል። ድልም ሽንፈትም ስለማይሰረዝ ቁጥሩ ወደ ላይ አይመለስም፤ ወይ ይቆማል፣ ወይ ይወርዳል። ዜሮ ሲደርስ ማንም ሊደርስብን አይችልም። ሁለት ቡድኖች እኩል ድል ይዘው ቢጨርሱ ደግሞ እርስ በርስ ሲገናኙ ያሸነፈው ይቀድማል። ስለዚህ በእርስ በርሱ ከበለጥናቸው አምስቱ አራት ነው። የሂውስተን ሽንፈት ለምን እንደሚያስጨበጭብ አሁን ገባችሁ?

ሲያትል ይህን ሂሳብ በቁስል ነው የተማረችው። ማሪነርስ በ1977 የተመሠረተ ቡድን ነው፤ እስከ 2025 ድረስ ወርልድ ሲሪስ፣ ማለትም የመጨረሻው ፍልሚያ ላይ፣ አንድም ቀን ያልቆመ ብቸኛው የሊጉ ቡድን እሱ ነው። በ2023 ፕሌይኦፍ ያመለጠው በአንድ ጨዋታ ልዩነት ነው። በ2024ም በአንድ ጨዋታ! ከ162 አንዷ። ያን ጊዜ ሰው ሚያዝያ ላይ የተበላሸችውን፣ ማንም ልብ ያላላትን አንዲት የማክሰኞ ጨዋታ ቆፍሮ እያወጣ ይብሰለሰላል።

ከዚያ በፊት ደግሞ 21 ዓመት የፕሌይኦፍ ድርቅ ነበር። መስከረም 20 ቀን 2015፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2022፣ ከኦክላንድ ጋር 1 ለ 1 ናቸው። ዘጠነኛው ኢኒንግ፣ ማለትም መደበኛው የመጨረሻ ዙር፤ ሁለት መቺ ወጥቷል፤ ሦስተኛው ከወጣ ተራው ያልቃል። የማሪነርሱ ካል ራሊ ሊመታ ተቀይሮ ገባ፤ ሦስት ቦል፣ ሁለት ስትራይክ። ከዚህ በኋላ የምትወረወር አንዲት ኳስ ሁሉን ልትወስን ትችላለች። መታት። ኳሷ በቀኝ በኩል ከፍ ብላ ሄዳ አጥሩን ተሻገረች፤ ድርቁ አበቃ፣ ከተማው ጮኸ። ከስምንት ቀን በኋላ ቶሮንቶ ላይ 8 ለ 1 ተበልጠው ሳለ፣ ሲያትል ስታዲየም ተሰብስቦ በስክሪን የሚያየው ሕዝብ ጫማውን አውልቆ አናቱ ላይ አስቀመጠ፤ ገድ ይሆናል ብሎ። እኛ ደመራው ወዴት ወደቀ ብለን ዓመቱን እንገምት የለ? ያው ነው። 10 ለ 9 አሸነፉ፤ ጫማው ይሁን ሌላ፣ እኔ አልፈርድም።

አሁን ግን ሂሳቡ የማይሠራበት ቦታ ላይ ደረስን። ቤዝቦል ውስጥ ከ10 ጨዋታ 6 የሚያሸንፍ ቡድን ምርጥ ይባላል፤ አራቱን ይሸነፋል ማለት ነው። በ162 ጨዋታ ልዩነቱ ይታያል። ፕሌይኦፍ ግን የመጀመሪያው ዙር ከሦስት፣ ሁለተኛው ከአምስት፣ ቀሪዎቹ ከሰባት ጨዋታ ነው፤ አብዛኛውን ያሸነፈ ያልፋል፤ እዚያ ውስጥ ጥቂት ክፉ ቀን ይበቃል። ሌላም አለ። በመደበኛው ውድድር ጨዋታው በየቀኑ ስለሆነ አንድ ቡድን አምስት ኳስ ወርዋሪዎችን ያፈራርቃል፤ በፕሌይኦፍ መካከል የእረፍት ቀን ስላለ ሦስት አራት ምርጦቹን ብቻ ይዞ መሄድ ይችላል። ሁለት እሳት የሆኑ ወርዋሪዎች ያሉት መካከለኛ ቡድን ድንገት አስፈሪ ይሆናል።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ እዚያው ሲያትል አለ። በ2001 ማሪነርስ፣ ጃፓናዊው ኢቺሮ ሱዙኪ በመጣበት ዓመት፣ 116 ጨዋታ አሸነፈ፤ በሊጉ ታሪክ ከዚያ የሚበልጥ የለም። ፕሌይኦፍ ላይ ግን የኒውዮርኩ ያንኪስ 4 ለ 1 አሰናበተው። በተቃራኒው በ1995 ኦገስት መጀመሪያ ላይ መሪውን በ13 ጨዋታ ይከተል የነበረው ይኸው ማሪነርስ፣ ያንኑ ያንኪስን ፕሌይኦፍ ላይ በአምስተኛው ጨዋታ፣ በ11ኛው ኢኒንግ፣ በኤድጋር ማርቲኔዝ ምት አስወጣ።

2025ን ብዘለው ደስ ባለኝ። ራሊ በዚያ ዓመት 60 ሆም ረን፣ ማለትም ከሜዳ የሚወጣ ምት፣ መታ፤ ቡድኑ ከቶሮንቶ ጋር ሰባተኛ ጨዋታ ደረሰ፤ ሰባተኛው ኢኒንግ ላይ 3 ለ 1 እየመራ ነበር። ወርልድ ሲሪስ ለመግባት ስምንት ሰው ማስወጣት ብቻ ቀርቶታል። የቶሮንቶው ጆርጅ ስፕሪንገር ሦስት ነጥብ የምታመጣ ሆም ረን መታ። 4 ለ 3። ሆድ ይፍጀው።

ይህን ሁሉ ያየ ሰው ዘንድሮም መስከረም ሲጠባ ስልኩን ያወጣል። የሲያትል ጨዋታ በእኛ አቆጣጠር ማታ 12፡40 ላይ ይጀምራል፤ ሂውስተን በሰዓት ስለሚቀድም ያን ጊዜ ጨዋታው ገና አጋማሽ ላይ ነው።

(ምስል፦ ስልኩ በቅርበት። ሂውስተን 2፣ ተጋጣሚ 4፣ አምስተኛ ኢኒንግ)

አስማተኛው ቁጥር አምስት ነው። ሌሊቱ ሳይገፋ ወደ ሦስት ሊወርድ ይችላል።