ድንኳን የማይጣልለት ሀዘን

እንደምን አመሻችሁ፣ የሥራ ባልደረቦቼ። የጥምቀት እንግዳ ከመግባቱ በፊት አስጎብኚውን፣ የሆቴል ሠራተኛውን፣ ሹፌሩንና ምግብ አብሳዩን አንድ አዳራሽ ስለሰበሰበ ኮሚቴውን አመሰግናለሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ የእንግዳ አቀባበል ነበር። ስለ ፈገግታ ተናገር ተባልኩ። ስለ ፈገግታ እናገራለሁ፤ እንደጠበቃችሁት ላይሆን ግን ይችላል።

እኛ ጎንደሬዎች ሰላምታችን ረጅም ነው። እንደምን ነህ? ደህና ነህ? ቤት ደህና? ልጆች ደህና? ከብቱስ? ከብት የሌለውም ይጠየቃል። መልሱ ግን አንድ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን። አልሐምዱሊላህ። አምስት ጊዜ እንጠይቃለን፤ አንዱንም መልስ ቆመን አንሰማም። እየተራመድን ነው የምንጠይቀው።

የኛ ሥራ ደግሞ ከሰላምታም ይብሳል። እኛ ደህና መስለን የምንበላ ሰዎች ነን። አርሊ ሆክሺልድ የምትባል አሜሪካዊት የሶሲዮሎጂ ምሁር የአውሮፕላን አስተናጋጆችን አጥንታ በ1983 ያሳተመችው ሥራ አለ። ስሜትን ገርቶ ለደንበኛ ማሳየት ራሱን የቻለ ሥራ ነው ትላለች። ፈገግታው ከደመወዙ ጋር የተሸጠ ነው። ልክ ናት። ሻንጣ ተሸክሞ የዋለ ሰው ማታ ትከሻውን ያሻል። ፊቱን ተሸክሞ የዋለ ሰውስ ምኑን ይሽ?

አሁን ስለ ራሴ ልንገራችሁ። ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት ነው። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ስምንት ወር ሞልቷት ነበር። ልጁ ሞቶ ተወለደ። ወንድ ነበር።

እንዲህ ላለው ሀዘን ድንኳን አይጣልም። እድር አይጠራም። ሰልስት የለ፣ አርባ የለ፣ ሙት ዓመት የለ። ጎረቤት ይመጣል። “ዋናው እሷ መትረፏ ነው፤ ሌላ ይሰጣችኋል” ይላል። ቡና ይጠጣል፣ ይሄዳል። ክፋት የለውም። ሌላ ምን እንደሚባል ማንም አላስተማረውም።

በአራተኛው ቀን ሥራ ገባሁ። ገንዘብ ያስፈልገን ነበር። የማስጎበኛቸው አሥራ አንድ እንግዶች ነበሩ። ፋሲል ግቢ ላይ ቀለድኩ። ፋሲለደስ በ1636 መናገሻውን እዚህ ሲያደርግ የሆቴል ዋጋ ስንት እንደነበር ሳይቀር ፈጠርኩ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብተን ሁሉም አንገቱን አቅንቶ የጣሪያውን መላእክት ሲያይ እንደገና ቀለድኩ። እነዚያ ትልልቅ ዓይኖች የሚያዩት እኔን ብቻ መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ ቁስቋም፣ እቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ያሠሩበት ቦታ፣ ወጣን። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። እቴጌ ምንትዋብ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ በ1755 ሞተባቸው። በ1769 ደግሞ የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ተገደለ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው፤ ይቅርታ፣ ለእንግዳ ስናገር አፌ ለምዶታል።) ኢዮአስን ቁስቋም አስቀበሩ። ከዚያ በኋላ ጎንደር ከተማ አልመለስም ብለው እዚያው ቀሩ።

ይህን ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ። ያን ቀን ግን “አስቀበሩ” የምትለው ቃል ላይ ጉሮሮዬ ተዘጋ። ሳልኩ። ውሃ ጠጣሁ። ከዚያ ሌላ ቀልድ አመጣሁ። እንግዶቹ ሳቁ። እቴጌይቱ ስንት ጠላት እያደባባቸው፣ ማዘናቸውን አገር እንዲያይ ከተማውን ትተው ተቀመጡ። እኔ ግን ነገ በአውሮፕላን ለሚሄዱ ለማላውቃቸው ሰዎች ስል ደበቅኩ።

እንግዶቹን ሆቴል ካወረድን በኋላ ሹፌሩ መኪናውን ጥግ አስይዞ ሞተሩን አጠፋ። “ዛሬ ቀልድህ በዛ” አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። እኔም አለቀስኩ። እስክጨርስ እጁን መሪው ላይ አድርጎ ጠበቀኝ። ሶፍት እንኳ አላቀበለኝም፤ ስላልነበረው ነው። እሱ አሁን ከመካከላችሁ ተቀምጧል። ስሙን አልጠራም፣ ይቆጣኛል።

ልብ በሉ፣ ያወቀብኝ ስላዘንኩ አይደለም። ቀልዴ ስለበዛ ነው። እኛ የተከዘ ሰው ስናይ እንደነግጣለን። ከወትሮው በላይ የሚስቀውን፣ ሳይጠየቅ “ኧረ እኔ ፐርፌክት ነኝ” የሚለውን ግን “እሱማ ተጫዋች ነው” ብለን እናልፈዋለን።

ጄምስ ግሮስና ሮበርት ሌቨንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ ለሰዎች የሚረብሽ ፊልም አሳዩ። ገሚሶቹን “ስሜታችሁ ፊታችሁ ላይ እንዳይታይ” አሏቸው። ፊታቸው ዝም አለ። የውስጡ ስሜት ግን አልቀነሰም። እንዲያውም ሰውነታቸው ይበልጥ ተወጠረ። “ሆድ ይፍጀው” እንላለን አይደል? ቃሉን በደንብ ስሙት። ፈጀ ማለት አቃጠለ ማለት ነው።

ለሞት ድንኳን አለን። ተቀምጦ የሚያለቅስ፣ ንፍሮ የሚቀቅል፣ የሚያስተዛዝን ሰው አለን። በዚህ ጎበዞች ነን። ግን ኮሮና መጥቶ፣ ጦርነቱ ተከትሎ እንግዳ ሲጠፋ፣ ሥራ ለፈታው አስጎብኚ ማን ድንኳን ጣለ? ለፍቺ ድንኳን የለም። ለዕዳ የለም። ጠዋት ያለ ምክንያት ከአልጋ መነሳት ላቃተው ሰው የለም። ወንድ ከሆነማ እንባውን ወደ ውስጥ ያፍስስ ተብሎ ተፈርዶበታል።

እንግዳ ፊት አልቅሱ እያልኳችሁ አይደለም። እንግዳው የከፈለው ጎንደርን ሊያይ ነው። ሥራ ላይ ፈገግ በሉ። ዩኒፎርም ነው። ዩኒፎርም ለብሶ ግን አይተኛም።

ባልደረባችሁን ስትጠይቁም ቆማችሁ ጠይቁ። እሱ “ደህና” ብሎ ከመለሰላችሁ በኋላ ጥያቄውን አንዴ ድገሙት። “እሺ፣ አንተስ እንዴት ነህ?” በሉና ዝም በሉ። ዝምታው ይከብዳል። ምክር ለመስጠት አትቸኩሉ። “ሌላው ከዚህ የባሰ አለበት” አትበሉ፤ ይህን እሱም ያውቃል። እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለው፣ የሚወደው ነገር ሁሉ ካስጠላው፣ ይህም ሁለት ሳምንት ካለፈው ጉዳዩ የሐኪም ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። አብራችሁት ሂዱ። ጸበሉም ጸሎቱም ይቀጥል፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። “መኖር ሰለቸኝ” ብሎ ከነገራችሁ ደግሞ ቀልድ ነው ብላችሁ አትለፉት። ብቻውን አትተዉት፣ በዚያኑ ቀን ውሰዱት።

ያን ማታ ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ቡና አቅርባ ጠበቀችኝ። ፊቷ ፈካ ብሏል። “እንዴት ዋልክ?” አለችኝ። ደህና ልል አፌን ከፍቼ ተውኩት።

“ደህና አልዋልኩም።”

የያዘችውን ሲኒ ረከቦቱ ላይ መለሰችው። “እኔኮ አንተ እንዳይከፋህ ብዬ ነው” አለች። ለካ ሁለታችንም በገዛ ቤታችን አስጎብኚ ሆነን ነበር።

በረካው እስኪወርድ አላወራንም። ከዚያ ስለ ልጁ ነገረችኝ። እሷ አይታዋለች፣ እኔ አላየሁትም። ጥቁር ፀጉር ነበረው አለችኝ፣ ብዙ፣ እስከ ጆሮው የሚደርስ።

አመሰግናለሁ።