የፈንገስ አርማታ፦ የህዋስ ግድግዳው እንዴት ተሠራ?

[ምስል፦ በማይክሮስኮፕ የምትታይ አንዲት የእርሾ ህዋስ]

እስኪ ይህቺን ክብ ነገር እዩዋት። አንዲት የእርሾ ህዋስ ናት፤ እርሾ ደግሞ ፈንገስ ነው። ውስጧ በውሃ ተወጥሯል። ከውጭ ያለው ውሃም መግባቱን አያቆምም። የሸፈናት ስስ ሽፋን ብቻ ቢሆን ኖሮ እንደ ፊኛ ትፈነዳ ነበር። ይዞ ያቆያት ዙሪያዋን ያጠረው ግድግዳ ነው።

ውፍረቱ ስንት ነው? ከ100 እስከ 200 ናኖሜትር ገደማ። አንድ የራስ ፀጉር በውፍረቱ 500 ቦታ ቢሰነጠቅ፣ አንዱ ስንጣቂ ይህን ያህላል። በጣም ስስ ነው። ህዋሷ ደርቃ ስትመዘን ግን ከክብደቷ ከ15 እስከ 30 በመቶው ግድግዳው ነው። ካላት ሁሉ ይህን ያህሉን ለአጥር ታውላለች።

[ምስል፦ ግድግዳው ተቆርጦ ንብርብሩ ሲታይ]

አሠራሩ አርማታን ያስታውሰኛል። ወደ ውስጥ፣ ሽፋኑ አጠገብ፣ ኪቲን የሚባል ጠንካራ ክር አለ። ፌሮው እሱ ነው። የጥንዚዛን ጀርባ የሚያጠነክረውም ይኸው ኪቲን ነው። የሚገርመው ግን መጀመሪያ የተገኘው ከነፍሳት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1811 ፈረንሳዊው ሄንሪ ብራኮኖ ከእንጉዳይ ነው ያወጣው።

ከኪቲኑ ጋር የተቆላለፈው ግሉካን ነው። የግሉኮስ ሞለኪውሎች ተቀጣጥለው የሠሩት መረብ ሲሆን የግድግዳው ትልቁ ድርሻ የእሱ ነው። የአርማታው ምሳሌ እዚህ ጋ ይብቃው። አርማታ አይለጠጥም፣ ይህ መረብ ግን ይለጠጣል። በእርሾ ላይ ከሁሉም ውጭ ማኖፕሮቲኖች አሉ፤ ስኳር የተሸከሙ ፕሮቲኖች ናቸው። የሚገባውንና የሚወጣውን የሚያጣሩት እነሱ ናቸው።

መጠኑ ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። በእርሾ ግድግዳ ውስጥ ኪቲን ከ1 እስከ 2 በመቶ ቢሆን ነው። አብዛኛውም ያለው ልጅ ህዋስ ከእናቷ በተለየችበት ጠባሳ ላይ ነው። ክር እየሠሩ በሚያድጉ ሻጋታዎች ላይ ከ10 በመቶ ሊያልፍ ይችላል።

[ምስል፦ እያደገ ያለ የሻጋታ ክር]

እዚህ ጫፉን ልብ በሉልኝ። ክሩ የሚያድገው በጫፉ ብቻ ነው። ስለዚህ ጫፉ ላይ ግድግዳው ለስላሳ ነው። ትንሽ ወደ ኋላ ስንል ኪቲኑና ግሉካኑ እርስ በርስ ተቆላልፈው ጠንክረዋል። ጫፉ ቢጠነክር እድገት ይቆማል፤ ከልክ በላይ ቢሳሳ ይፈነዳል። ፈንገሱ ሁለቱን አመጣጥኖ ወደፊት ይገፋል።

ግፊትን በመቻል ደግሞ የሩዝ ቅጠል የሚያጠቃውን ፈንገስ የሚያህል አላውቅም። ቅጠሉ ላይ ጉልላት የመሰለ ህዋስ ይሠራል፣ ግድግዳውንም ሜላኒን በሚባል ጥቁር ቀለም ይለብጣል። ውስጡ ያለው ግፊት 8 ሜጋፓስካል ይደርሳል፤ ከመኪና ጎማ 30 እጥፍ በላይ ማለት ነው። በዚህ ጉልበት ቅጠሉን ይበሳል።

[ምስል፦ መድኃኒት ያረፈበት ህዋስ]

የእኛ ህዋስ ግድግዳ የለውም። ለሐኪሞች ትልቅ ዕድል ነው። ካስፖፈንጊንን የመሳሰሉ መድኃኒቶች ግሉካን የሚሠራውን ኢንዛይም ያግዳሉ፤ ግድግዳው ይላላል፣ ህዋሱም ሊፈነዳ ይችላል። ፔኒሲሊን ግን እዚህ አይሠራም፤ እሱ የሚያፈርሰው የባክቴሪያን ግድግዳ ነው፣ የዚያ ግንባታ ደግሞ ሌላ ነው።

ፈንገሱም ዝም ብሎ አይሞትም። ግሉካኑ ሲጎድልበት ቶሎ ያውቃል። ከዚያ ኪቲን ማምረቱን ይጨምራል፤ መረቡ በሳሳበት ቦታ ፌሮ ያበዛል።