ከፎርማት በፊት፦ ጨዋታውን ከጀርባ የሚጎትተው ማን ነው?

አንደኛ አቅራቢ፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ዝግጅታችን እንደ ወትሮው የሚቀረጸው ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ባለ ሕንጻ ውስጥ ስለሆነ፣ ከታች የሚሰማው የታክሲ ረዳት ጥሪ የዝግጅቱ አካል እንዳልሆነ አስቀድሜ ልናገር። የዛሬው ጉዳያችን በኮምፒውተር ጨዋታ መካከል የሚያጋጥም መንቀራፈፍ ነው። ባልደረባዬ ውሎዋ ኮምፒውተር በመጠገን ስለሆነ ከእሷ ልጀምር። እህቴ፣ እንዲህ ያለ ችግር የገጠመው ደንበኛ ሲመጣ የሚጠይቅሽ ምንድን ነው?

ሁለተኛ አቅራቢ፦ «ፎርማት አድርጊልኝ» ነው የሚለኝ፤ ዲስኩን ጠርገሽ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ጫኚልኝ ማለቱ ነው። ሕመሙን ሳይነግረኝ መድኃኒቱን ያዝልኛል። በቅርቡ አንድ ተማሪ ከአራት ኪሎ ኮምፒውተሩን በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞ መጣ። ማሽኑ 8 ጊጋባይት ራም፣ ማለትም ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ እና አንድ የቆየ ሃርድ ዲስክ ነበረው። የኳስ ጨዋታ ሲጫወት ምስሉ በየጥቂት ሰከንዱ ቀጥ ይልና ኳሷ መረብ ውስጥ ከገባች በኋላ ይመለሳል። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ፎርማት ያስደረገ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ለሁለት ሳምንት ያህል ደኅና ይሠራለት ነበር። እኔን ያነቃኝ ይህ ሁለት ሳምንት ነው፤ ጥፋቱ የዕቃው ቢሆን ኖሮ ፎርማት ለሁለት ሳምንት አይፈውሰውም ነበር።

አንደኛ አቅራቢ፦ በሁለት ሳምንት ውስጥ ታዲያ ምን ይለወጣል?

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ልጁ ያጠፋቸውን ፕሮግራሞች አንድ በአንድ መልሶ ይጭናል። የኢንተርኔት ማሰሻው፣ ቴሌግራሙ፣ የጨዋታ መደብሮቹ፣ የድምፅ መነጋገሪያው፣ ሁሉም ሲጫኑ ኮምፒውተሩ በበራ ቁጥር አብረው ለመነሳት ራሳቸውን ያስመዘግባሉ። ፎርማቱ ያባረረው እንግዳ በራሱ ቁልፍ ተመልሶ ይገባል ማለት ነው።

አንደኛ አቅራቢ፦ እዚህ ላይ ብዙዎች የሚያነሱትን መከራከሪያ ላንሳ። ፕሮሰሰሩ 40 ከመቶ ብቻ እየሠራ ከሆነ፣ ከጀርባ ያሉት ፕሮግራሞች ጨዋታውን እንዴት ሊጎዱት ይችላሉ?

ሁለተኛ አቅራቢ፦ 40 ከመቶ የሚለው ቁጥር የሁሉም ኮሮች፣ ማለትም በፕሮሰሰሩ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሠሩት ክፍሎች፣ አማካይ ነው። ጨዋታው የሚደገፍበት አንድ ኮር ጢም ብሎ ሞልቶ ሌሎቹ ሥራ ፈትተው ቢቀመጡም አማካዩ ዝቅ ብሎ ይታያል። ሁለተኛው ነገር ጊዜ ነው። በሴኮንድ 60 ፍሬም፣ ማለትም 60 ተከታታይ ምስል፣ ለማሳየት አንዱ ፍሬም ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሴኮንድ ብቻ ነው። ሌላ ፕሮግራም ለ100 ሚሊሴኮንድ ያህል ዲስኩን ቢይዝበት ስድስት ፍሬም ያመልጣል። የሴኮንዱ አማካይ ግን አሁንም 54 ሊሆን ስለሚችል፣ ቁጥሩን ያየ ሰው ጨዋታው ደኅና ነው ይላል፤ ዓይኑ ግን መደናቀፉን አይቷል።

አንደኛ አቅራቢ፦ እና የተማሪውን ማሽን ስትከፍቺው ምን አገኘሽ?

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ወዲያው አልመረመርኩትም፤ አስቀድሜ ጨዋታውን እንዲከፍትና እንዲጫወት አደረግሁ። ችግሩ በሌለበት ሰዓት የሚደረግ ምርመራ ትርጉም የለውም። ምስሉ ቀጥ ሲል ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫንኩና የትኛው ፕሮግራም ማሽኑን ምን ያህል እንደያዘ የሚያሳየው ታስክ ማናጀር ተከፈተ። የዲስኩ ዓምድ 100 ከመቶ ብሎ ቀልቷል። የሚያስገርመው፣ የሚነበበው መረጃ በሴኮንድ 2 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም ነበር።

አንደኛ አቅራቢ፦ 100 ከመቶ ተይዞ 2 ሜጋባይት ብቻ? ይህ ለአድማጭ እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ የድሮው ሃርድ ዲስክ እንደ ሸክላ ማጫወቻ የሚንቀሳቀስ መርፌ አለው ብለህ አስብ። የጨዋታው ፋይል በአንድ በኩል፣ አንቲቫይረሱ የሚፈትሸው በሌላ በኩል፣ የዊንዶውስ የፋይል መፈለጊያ የሚመዘግበው ደግሞ በሦስተኛ በኩል ሲሆን፣ የመርፌው ጊዜ ከሥራው ይልቅ መንገዱ ላይ ያልቃል። በዚያ ላይ 26 ገጽ የተከፈተበት ማሰሻ ራሙን ጨርሶት ስለነበር፣ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደዚያው ዲስክ እያወጣ ይመልሳል። የዲስኩን ዓምድ ራስ ጠቅ ስታደርግ ብዙ የሚጠቀመው ወደ ላይ ይወጣል፤ እኛም ሦስቱን ጥፋተኞች ያየናቸው በዚሁ መንገድ ነው።

አንደኛ አቅራቢ፦ ግን ፍተሻውም ሆነ አፕዴቱ ሰው በማይሠራበት ሰዓት እንዲከናወን የታሰበ አይደለም እንዴ?

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ይኸውልህ፣ የእኛ ከተማ ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የዊንዶውስ አውቶማቲክ ጥገና ሳይቀየር ከመጣ የሚጀምረው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት አዲስ አበባ ውስጥ የማን ኮምፒውተር በርቶ ያድራል? መብራት ሄዶ ሲመጣ ዕቃ ያቃጥላል ብለን ሶኬቱን ጭምር ነቅለን ነው የምንተኛው፤ ስጋቱም ተገቢ ነው። ተማሪው ማሽኑን የሚያበራው ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ሲሆን፣ የሚያበራውም ለመጫወት ብቻ ነው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የተጠራቀመው አፕዴት ማውረድና ፋይል መመዝገብ ጨዋታው በሚከፈትበት ሰዓት ላይ ይወድቃል። ዊንዶውስ ፋታ ያገኘው ያን ጊዜ ብቻ ነውና እኔ በእሱ አልፈርድም።

አንደኛ አቅራቢ፦ እንግዲያው አንቲቫይረሱንም አፕዴቱንም ማጥፋት ይሻላል የሚሉት ትክክል ናቸው?

ሁለተኛ አቅራቢ፦ በፍጹም አይደሉም፤ በዚህ ነገር ሰው ቢቆጣኝም አልመለስም። ጨዋታ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞርበት ከተማ አንቲቫይረስ ማጥፋት በርን ከፍቶ መተኛት ነው። አንድ ሌላ ደንበኛ ማራገቢያው ምንም ሳይከፍት እንደ ወፍጮ የሚጮህ ኮምፒውተር አምጥቶልኝ ነበር። ታስክ ማናጀርን ስከፍት ጩኸቱ ቀስ በቀስ በረደ፤ ስዘጋው ደግሞ ከደቂቃ በኋላ ተመለሰ። ጥበቃው ከተሰበረ ሕገ ወጥ ጨዋታ ጋር የገባ ድብቅ የክሪፕቶ ማዕድን ማውጫ፣ ማለትም በሰው ኮምፒውተር ለሌላ ሰው ዲጂታል ገንዘብ የሚያመርት ፕሮግራም፣ ነበር፤ እንዲህ ያለው ፕሮግራም መታየቱን ሲያውቅ ሥራውን አቁሞ ይደበቃል። በጆሮዬ ነው የያዝኩት።

አንደኛ አቅራቢ፦ ጌም ሞድ የሚባለውስ? እኔ እሱን አብርቼ ነገሩ ተፈታ ብዬ ነበር።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ዊንዶውስ 10 የገባው ጌም ሞድ በጨዋታ መካከል ድራይቨር፣ ማለትም ዊንዶውስ ከዕቃው ጋር የሚነጋገርበት ፕሮግራም፣ እንዳይጫን እና የዳግም ማስነሻ ማሳሰቢያ እንዳይመጣ ያደርጋል፤ ማሰሻህን ግን አይዘጋልህም። ይብራ፤ ተአምር ግን አትጠብቅበት።

አንደኛ አቅራቢ፦ ሁሉንም «ላግ አደረገ» ነው የምንለው። የኢንተርኔቱን ከኮምፒውተሩ በምን እንለየው?

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ያለ ኢንተርኔት ብቻህን ስትጫወትም ምስሉ ከተደናቀፈ ችግሩ እዚያው ማሽኑ ውስጥ ነው። ምስሉ ለስላሳ ሆኖ ተጫዋቾቹ ከቦታ ቦታ የሚዘሉ ከሆነ ግን ፒንግህን፣ ማለትም መልእክትህ በኢንተርኔት ደርሶ የሚመለስበትን ጊዜ፣ ተመልከት። እዚህም ቢሆን ጥፋተኛው ከጀርባ የሚወርድ አፕዴት ሊሆን ይችላል።

አንደኛ አቅራቢ፦ ተማሪው በመጨረሻ ፎርማት ተደረገለት?

ሁለተኛ አቅራቢ፦ አልተደረገለትም። በታስክ ማናጀር ውስጥ ከማስነሻው ዝርዝር አሥራ አንድ ፕሮግራሞችን አጠፋን፤ ማሰሻው ከተዘጋ በኋላም ከጀርባ እንዲቆይ የሚፈቅደውን ምርጫ ነሳነው፤ ጨዋታውን ሳይጠየቅ ይቀርጽ የነበረውን ጌም ባር የሚባለውን የዊንዶውስ መሣሪያ ቀረጻ ዘጋን። እሑድ ጠዋት ቤተሰቡ ቡና ሲያፈላ ኮምፒውተሩን አብርቶ፣ ምንም ሳይከፍትበት ለአንድ ሰዓት እንዲተወው ነገርኩት። እናቱ «በባዶው መብራት ይቆጥራል» ብለው አጠፉበት አሉ። ለእሳቸው የሚያስረዳ ቃል ፈልጌ ነበር፤ ማሽኑ ቤት እየጠረገ ነው በላቸው አልኩት።

አንደኛ አቅራቢ፦ ተቀበሉት?

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ሰዓቱ ወደ ግማሽ ሰዓት ወርዷል። ለአፕዴቱ ይበቃል፤ ሃርድ ዲስኩ ያ መርፌ በሌለው ዲስክ፣ በኤስኤስዲ፣ እስኪለወጥ ድረስ ግን ጨዋታው ሲከፈት የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች መታገስ አለበት።