አካፋው ይቆይ፦ የፍላጻ ጫፍ የት ይቆፈራል?

[ከላይ የተነሳ ምስል፦ የታረሰ ማሳ፣ ከጎኑ ጅረት]

"ባለመሬቱ ፈቅዶልኛል፣ አካፋም ገዝቻለሁ፣ የት ልጀምር?" በጣም ብዙ ጊዜ የምጠየቀው ይህንን ነው። ብዙው ሰው አዳኝ የሮጠበትን ቦታ ለመገመት ይሞክራል። እዚያ ላይ ነው የሚሳሳተው። ስቶ የወደቀ ፍላጻ የትም ሜዳ ላይ ሊቀር ይችላል፤ እሱን ቆፍሮ ማግኘት ሎተሪ ነው። እናንተ የምትፈልጉት ሰው ተቀምጦ የዋለበትን፣ ድንጋይ የጠረበበትን፣ እሳት ያነደደበትን፣ የተሰበረበትን ነገር ከጎኑ ጥሎ የሄደበትን ቦታ ነው። ሰፈሩን ካገኛችሁ ሌላው ቀላል ነው።

የማወራው ስለ አሜሪካ ነው፣ የጥንት ነዋሪዎቿ ከድንጋይ ስለሠሯቸው ጫፎች፤ ሕጉም መሬቱም የዚያው ነው።

[ካርታ፦ ማዕከላዊ ቴክሳስ]

ጎልት የሚባል ቦታ አለ፣ ከኦስቲን በስተሰሜን። ሲያዩት ተራ ሸለቆ ነው። ግን ምንጭ አለው። ለመሣሪያ የሚሆን ቸርት የሚባል ባልጩት መሰል ድንጋይም እዚያው በገፍ አለ። ደግሞ ኮረብታማው አገርና የሳር ሜዳው የሚገናኙት እዚያ አካባቢ ስለሆነ የሁለቱም አውሬና ተክል ቅርብ ነው። ውሃ፣ ድንጋይ፣ ምግብ። ሰዎች ቢያንስ ከ13,000 ዓመት በፊት ጀምሮ እየተመላለሱ የሰፈሩበት ለዚህ ነው። እናንተም በተፈቀደላችሁ መሬት ላይ የምትፈልጉት የዚህን ታናሽ ወንድም ነው።

መጀመሪያ ቤት ቁጭ ብላችሁ ካርታ እዩ። የአሜሪካ ጂኦሎጂ ጥናት ተቋም የከፍታ ካርታዎች በነፃ ይወርዳሉ፣ የግብርና መሥሪያ ቤቱ የአፈር ካርታም እንደዚሁ። ጎርፍ የማይደርስበት ግን ውሃ ቀድቶ ለመመለስ የማይርቅ ደልዳላ ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ። ሁለት ጅረቶች የሚገናኙበት ከሆነ ሁለት ምልክት አድርጉበት። ውሃ የሚተኛበትን ረግረግ ተዉት፤ እናንተ ድንኳን የማትተክሉበት ቦታ እነሱም አልተከሉበትም። አንድ ነገር ግን አትርሱ፦ ጅረት ይንቀሳቀሳል። ዛሬ ከውሃ የራቀ የሚመስል ጉብታ ያኔ ዳርቻ ላይ የነበረ ሊሆን ይችላል።

[ምስል፦ እጅ ላይ የተቀመጡ የድንጋይ ፍላጮች]

ከዚያ በእግር። ዝናብ ከጣለ በኋላ የታረሰ ማሳ ላይ ውጡ። ማረሻ ከላይ 20 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ያህሉን አፈር ስለሚገለብጥ ከታች ያለው ብቅ ይላል፣ ዝናቡ ደግሞ ያጥበዋል። ያልታረሰ ከሆነ የፍልፈል ጉብታ፣ የወደቀ ዛፍ ሥር፣ ውሃ የቦረቦረው የጅረት ዳር እዩ። እነዚህ ሌላ የቆፈራቸው ጉድጓዶች ናቸው፣ ያውም በነፃ።

አይናችሁ ግን የፍላጻ ጫፍ አይፈልግ። ፍላጭ ይፈልግ። አንድ ጫፍ ለመሥራት በጣም ብዙ ፍላጭ ይረግፋል፤ ስለዚህ ቦታውን የሚያሳብቀው ጥራጊው ነው። ስስ፣ ጠርዙ ስለታም፣ የተመታበት በኩል ትንሽ እብጠት ያለው። አንድ ብቻ ካገኛችሁ እለፉ። በጥቂት እርምጃ ውስጥ አሥር ካገኛችሁ ቁሙ። በአጠገቡ በእሳት ቀልቶ የተሰነጣጠቀ ድንጋይና ጥቁር፣ ቅባት ያለው የሚመስል አፈር ካለ ሰው ኖሮበታል። የብረት መፈለጊያ ማሽን ግን ቤት ይቅር፤ ድንጋይ አያስጮኸውም።

አሁን አካፋው። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ የሙከራ ጉድጓድ፣ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ እያቆማችሁ፣ አፈሩን በወንፊት። በየደረጃው ስንት ፍላጭ እንደወጣ ጻፉ። ከዚያ ጥቂት ሜትር ራቅ ብላችሁ ሌላ። ቁጥሩ ወደሚጨምርበት አቅጣጫ ሂዱ። በወንዝ ዳር ከሆነ ባዶ ደለል አገኘን ብላችሁ ለመተው አትቸኩሉ፣ ጎርፍ የድሮውን ሰፈር ከሥሩ ቀብሮት ሊሆን ይችላል። በነገራችን ላይ ትልልቆቹ "የፍላጻ ጫፎች" አብዛኞቹ የፍላጻ አይደሉም። በእጅ የሚወረወር ጦር ወይም ቢላ ናቸው፤ ቀስት ዘግይቶ ነው የመጣው። ትንንሾቹ ከላይ፣ ትልልቆቹ ከሥር ቢወጡ አይግረማችሁ።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። ጎልትን ሰዎች ለባለመሬቱ እየከፈሉ ለዓመታት ቆፍረውታል። የላይኛው ንብርብር በጉድጓድ ተበሳስቶ ቀረ፤ ከሥር የነበረው እጅግ የቆየው ግን በከፊል ተርፎ ለተመራማሪዎች ደረሰ። ማረሻ የገለበጠውን አፈር ብትነፉ ብዙም ጉዳት የለውም። ያልተነካ ምድጃ፣ ከሰሉ እንዳለ፣ ካገኛችሁ ግን እኔ ብሆን አቆማለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ፣ ለግዛቱ አርኪዮሎጂስት እደውላለሁ። አንዴ ከተቆፈረ መልሶ የሚያነበው የለም።

[ምስል፦ የአጥር ሽቦ]

ሕጉን ባጭሩ። ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን፤ የተገኘው የማን እንደሚሆንም ይጻፍበት። ድንበሩን በካርታ አረጋግጡ፣ ምክንያቱም አጥሩን አልፋችሁ የፌዴራል መሬት ላይ ከቆፈራችሁ የ1979ኙ (እ.ኤ.አ.) የአርኪዮሎጂ ሀብት ጥበቃ ሕግ ለመጀመሪያ ጥፋት እንኳ እስከ 10,000 ዶላርና እስከ 1 ዓመት እስር ያስቀጣል፤ ጉዳቱ ከፍ ካለ ደግሞ ይብሳል። መርከብ የሚሄድበት ወንዝ ወለልም አብዛኛውን ጊዜ የግዛቱ ነው፣ የባለመሬቱ አይደለም። ሰው የሠራው የሚመስል የአፈር ጉብታ አትንኩ። የሰው አጥንት ከወጣ መሬቱ የግል ነው ማለት አያድንም፤ ወዲያው አቁሙና ለሸሪፉ (ለአካባቢው ፖሊስ ኃላፊ) ደውሉ።

ከመቆፈራችሁ ጥቂት ቀን በፊት 811 ደውሉ፣ የተቀበረ የጋዝና የኤሌክትሪክ መስመር በነፃ ምልክት ያደርጉላችኋል። ጉድጓዱ ደረታችሁ ጋ ከደረሰ ውጡ። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ቶን በላይ ይመዝናል፣ ሲናድም አያስጠነቅቅም።

ስትጨርሱ ጉድጓዱን ድፈኑ፣ ሳሩንም መልሱበት። የባለመሬቱ ላም እግሯን ከሰበረችበት ያንን በር ሁለተኛ አታዩትም።