ከተነሳ ሎደር ሥር መሥራትና የሚያፈስ ሃይድሮሊክ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ዝግጅት ስለ ትራክተር ሎደር ጥገና ከደወሉልን አድማጮች ጥያቄዎች መካከል ዋና ዋናዎቹን፣ በአየር ላይ በጊዜ እጥረት በአጭሩ የታለፉትን ጭምር፣ ከነመልሳቸው በጽሑፍ አቅርበናል። ጥያቄዎቹ ላይ ላዩን ሲታዩ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ግማሾቹ ስለተነሳ ቡም (ባኬቱን ስለሚሸከመው የሎደሩ ክንድ)፣ ግማሾቹ ስለሚያፈስ ዘይት ይጠይቃሉ። ነገሩ ግን አንድ ነው፤ ባኬቱን ከሰው ራስ በላይ አንጠልጥሎ የያዘውና ቀዳዳ ሲያገኝ የሰው ሥጋ የሚበሳው ያው የታመቀ ዘይት ነው።

ከአሰላ የደወሉ የትራክተር ባለቤት፦ «ሎደሩን አንስቼ፣ ሞተሩን አጥፍቼ ከሥሩ ግሪስ እሰጣለሁ። ሞተር ከጠፋ ፓምፑ ስለማይሠራ ባኬቱ የትም አይሄድም ይሉኛል። እውነት ነው?»

እውነት አይደለም። ሞተሩ ሲጠፋ የሚቆመው ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል ነው፤ ወደ ታች የሚስበው ክብደት እንዳለ ነው። ቡሙን አንስቶ የሚያቆየው በሲሊንደሩ ውስጥ የታሰረው ዘይት ሲሆን፣ ዘይቱን አስሮ የያዘው ደግሞ በአንድ በኩል የጎማ ቱቦ፣ በሌላ በኩል በመቆጣጠሪያው ቫልቭ ውስጥ የምትንሸራተት አንዲት የብረት ዘንግ ናት። ቱቦው ከፈነዳ፣ ጫፉ ከመጋጠሚያው ከወለቀ ወይም ማንሻው ከተነካ ዘይቱ መውጫ ያገኛል፤ ባኬቱም ይወርዳል። በእጅ ማንሻ በሚሠሩት ሎደሮች ላይ ሞተሩ ጠፍቶ እንኳ ማንሻውን ወደ ማውረጃው የገፋ ሰው ቡሙን መልቀቅ ይችላል። ያ ሰው እርስዎ ከሥር መሆንዎን ያላየ ረዳት ሊሆን ይችላል፤ ወንበሩ ላይ ወጥቶ የሚጫወት ልጅም ሊሆን ይችላል። በየግቢው የቆመ ትራክተር ለልጆች ምን ያህል እንደሚያምር ለእርስዎ መንገር አያስፈልግም።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ የምመክርዎ ባኬቱን መሬት ላይ አስቀምጠው እንዲሠሩ ነው። አብዛኛው የግሪስ ሥራ፣ የቱቦ ቅየራና የባኬት ጥርስ ጥገና ሎደሩ መሬት ላይ ተኝቶ የሚሠራ ነው፤ ሰው ቡሙን የሚያነሳው ብዙ ጊዜ ጎንበስ ላለማለት ነው። የግድ መነሳት ካለበት ባኬቱን ባዶ ያድርጉ፤ ማሽኑን ደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ ያቁሙ፤ የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፤ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በታኮ ይደግፉ። ከዚያ አንድ ሰው ወንበሩ ላይ ሆኖ ቡሙን ሲያነሳ፣ ሌላው ከጎን ቆሞ፣ ከቡሙ ሥር ሳይገባ፣ ቡሙ እንዳይወርድ የሚያግደውን፣ ከማሽኑ ጋር የሚመጣውን የብረት ድጋፍ በወጣው የሲሊንደር ዘንግ ላይ ያለብሰውና በፒኑ ይቆልፈዋል። ቡሙ በጣም በዝግታ ዝቅ ብሎ ድጋፉ ላይ ማረፍ አለበት። ካረፈ በኋላ ግን በሃይድሮሊክ ወደ ታች መግፋት ዘንጉን ሊያጣምም ስለሚችል እዚያው ላይ ይቁም። ሞተሩ ይጥፋ፤ ቁልፉ ከሥር በሚገባው ሰው ኪስ ይግባ።

ከደብረ ብርሃን፣ የድንጋይ ካባ የሚሠሩ አድማጭ፦ «ከማሽኑ ጋር የመጣው ድጋፍ ጠፍቷል። በብሎኬት፣ በክሪክ ወይም በግንድ ብንደግፈውስ? ጋራዥ ማስበየድስ ይቻላል?»

ብሎኬት በፍጹም አይሆንም። ግድግዳ ውስጥ እኩል የተከፋፈለ ጭነት ይችላል፤ የባኬት ጠርዝ በአንድ ነጥብ ሲያርፍበት ግን ቀስ ብሎ ሳይሆን በአንድ ጊዜ ይፈረካከሳል። የካባ ሰው ድንጋይ ስለሚቀርበው ድንጋይ መደርደርም ይቀናዋል፤ ድንጋይ ላይ ያረፈ ብረት ግን ትንሽ ግፊት ሲነካው ይንሸራተታል። የሃይድሮሊክ ክሪክን በተመለከተ፣ እርሱም የሚቆመው በታሰረ ዘይት ስለሆነ አንዱን ሃይድሮሊክ በሌላ ሃይድሮሊክ መደገፍ ይሆናል። ክሪክ ለማንሳት ነው፤ ለማቆየት የብረት መቆሚያ ያስፈልጋል።

እንጨት ከብሎኬቱ ይሻላል፤ ነገር ግን አራት ማዕዘን ሆኖ የተጠረበ፣ ያልተሰነጠቀ ጠንካራ እንጨት ሆኖ፣ ሁለት ሁለቱ እየተመሳቀለ ሰፊ መሠረት ላይ ሲደረደር ብቻ ነው። የቆመ ክብ ግንድ ድጋፍ አይባልም። እንጨት የምቀበለውም ዝቅ ብሎ ለቆመ ባኬት ነው፤ ቡሙ በሙሉ ቁመቱ ከተነሳ የእንጨቱ ክምር ራሱ የሚወድቅ ማማ ይሆናል።

ማስበየዱን በተመለከተ፣ በመጀመሪያ የማሽኑን ወኪል ይጠይቁ፤ ለብዙ ሞዴሎች ይህ ዕቃ ለብቻው ይሸጣል፤ ከአንድ የሲሊንደር ጥገና ጋር ሲነጻጸርም ውድ አይደለም። ጋራዥ የሚሠራው ድጋፍ አደጋው የብየዳው ጥንካሬ ብቻ አይደለም። ድጋፉ ዘንጉን በሦስት ጎን የሚያቅፍ ወፍራም የብረት ቦይ ሆኖ፣ አንዱ ጫፉ ከሲሊንደሩ አፍ ጋር፣ ሌላው ከዘንጉ ራስ ጋር በሙሉ ስፋቱ መግጠም አለበት። ጫፉ በሰያፍ ከተቆረጠ ጭነቱ በአንድ ጠርዝ ላይ ብቻ ስለሚያርፍ ድጋፉ ፈንጥሮ ይወጣል። በውኃ ቧንቧ የተሠራ፣ ወይም ፒን የሌለውና በሽቦ የታሰረ ድጋፍ አይቼ አውቃለሁ፤ ያለ ድጋፍ መሥራት ቢያንስ ሰውን ያስፈራዋል፤ እንዲህ ያለው ግን አያስፈራም። በተጨማሪ የድጋፉ ውስጠኛ ገጽ ዘንጉን እንዳይጭረው ይለስልስ፤ በዘንጉ ላይ የተፈጠረ ጭረት ዘንጉ በገባና በወጣ ቁጥር ጎሚኒውን እየቆረጠ ዘይት ማፍሰስ ያስጀምራል።

ከሻሸመኔ፦ «ማታ አንስቼ ያሳደርኩት ባኬት ጠዋት ወርዶ አገኘዋለሁ። የሲሊንደሩን ጎሚኒ ብቀይርም አልተወም።»

ከውጭ የሚታይ ፍሳሽ ከሌለ ጥፋቱ ምናልባት ሲሊንደሩ ላይ አይደለም። ባኬቱ እንዲወርድ ዘንጉ ወደ ሲሊንደሩ መግባት አለበት፤ ዘንጉ ሲገባ ደግሞ የራሱን ቦታ ያህል ዘይት ከሲሊንደሩ መውጣት አለበት። የፒስተኑ ጎሚኒ ቢበላሽ እንኳ ቫልቩ በደንብ ከዘጋ ያ ዘይት የሚወጣበት ስለሌለ ባኬቱ ብዙ ሳይወርድ ይቆማል። ሌሊቱን ሙሉ እስከ መሬት የሚወርድ ባኬት ብዙውን ጊዜ የሚያመለክተው የመቆጣጠሪያውን ቫልቭ ማለቅ ነው። መካኒክዎ እርሱን ይመርምር። እስከዚያው ግን ባኬቱን አንስቶ ማሳደር ለምን አስፈለገ? ማሽን የሚያድረው ባኬቱን መሬት ላይ ጥሎ ነው።

ከሁመራ፦ «ዘይቱ ከየት እንደሚወጣ ለማወቅ ሞተሩን አስነስቼ ቱቦውን በእጄ እዳስሳለሁ። ጓንት አደርጋለሁ። ይበቃል?»

አይበቃም፤ ይህን ልማድ ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት። የትራክተር ሃይድሮሊክ በአብዛኛው ከ150 እስከ 200 ባር በሚደርስ ግፊት ይሠራል። ውስጡ 60 ሚሊ ሜትር የሆነ ሲሊንደር በ180 ባር ወደ 5 ቶን ይገፋል ማለት ነው። ቆዳን ለመብሳት ግን ይህን ያህል አያስፈልግም፤ 7 ባር፣ ማለትም በከባድ መኪና ጎማ ውስጥ ካለው አየር የማይበልጥ ግፊት፣ በጠባብ ቀዳዳ የሚወጣን ፈሳሽ በቆዳ ውስጥ ማሳለፍ እንደሚችል በሙያው ይታወቃል። የቆዳ ጓንት የሞቀ ዘይትን ይከላከልልዎ ይሆናል፤ እንደ መርፌ የሚወጣውን ጅረት ግን አይመክትም። ጅረቱ በጣም ቀጭን ስለሆነ በዓይን አይታይም፤ የሚታየው ከቀዳዳው ርቆ የተከማቸው እርጥበት ነው።

ትክክለኛው አሠራር ቱቦውን በጨርቅ ወልውሎ ማድረቅ፣ የዓይን መነጽር ማድረግ፣ ከዚያም ረዘም ያለ ካርቶን ወይም ጣውላ ጫፉን ይዞ በቱቦው አካባቢ በዝግታ ማሳለፍ ነው። ቀዳዳው ባለበት ቦታ ካርቶኑ ላይ የዘይት መስመር ይሣላል። ቦታው ከታወቀ በኋላ ባኬቱን መሬት ላይ ያሳርፉ፤ ሞተሩን ያጥፉ፤ ማንሻዎቹን በሁሉም አቅጣጫ ደጋግመው በማንቀሳቀስ የቀረውን ግፊት ያስወጡ። ማንሻዎቹ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ከሆነ ይህን ለማድረግ ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ መከፈት ሊኖርበት ይችላል። ዳዶ የሚፈታው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ግፊት ያለበትን መጋጠሚያ ለማጥበቅ መሞከርም ያው ስህተት ነው፤ የተሰነጠቀ መጋጠሚያ መፍቻ ሲነካው ይለቃል። የሚረጨው ዘይት የጋለ ጭስ ማውጫ ላይ ካረፈ እሳት እንደሚያስነሳም አይዘንጉ።

ከመተሐራ የደወሉ እህት፦ «ወንድሜን ዛሬ ጠዋት የሎደር ቱቦ ሲፈትሽ ጣቱን እንደ እሾህ ወጋው። ነጥብ ናት፤ አያመኝም ብሎ ሥራ ላይ ነው።»

ለእኚህ አድማጭ በአየር ላይ የመለስነው ቃል «አሁኑኑ ሆስፒታል ይውሰዱት» የሚል ነበር፤ ምክንያቱን እነሆ። የዚህ ጉዳት ክፋቱ መጀመሪያ ላይ ቀላል መምሰሉ ነው። በትንሿ ነጥብ የገባው ዘይት በጣቱ ውስጥ የጅማቱን ሽፋን ተከትሎ እስከ መዳፍ፣ አልፎም እስከ ክንድ ሊዘልቅ ይችላል። በገባበት ጠባብ ቦታ ደም እንዳይዘዋወር ይጫናል፤ ዘይቱም ራሱ ሥጋውን ያቃጥላል። እብጠቱና ከባዱ ሕመም የሚመጡት ከሰዓታት በኋላ ነው። ሕክምናው ክኒንና ፋሻ ሳይሆን ቀዶ ጥገና ነው፤ ሐኪሞች ቦታውን ከፍተው ዘይቱንና የሞተውን ሥጋ ማውጣት አለባቸው። ከ6 ሰዓታት በላይ የዘገየ ሰው ጣቱን የማጣት አደጋው እንደሚጨምር ይታወቃል።

በመንገድ ላይ እጁን ከፍ አድርጎ ይያዝ፤ ቁስሉ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን። ዘይቱ ይወጣል ብላችሁ አትጭመቁት፤ ሙቅ ነገር አታስነኩት፤ ክንዱን በገመድ አትሰሩት። ለቀዶ ጥገና ማደንዘዣ ሊሰጠው ስለሚችል ምግብና መጠጥ ይቆይ። ጤና ጣቢያ የሚቀርባችሁ ከሆነ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል እንዲልኳችሁ በግልጽ ጠይቁ፤ ይህን ጉዳት አይቶ የማያውቅ ባለሙያ የቴታነስ መርፌ ወግቶ ወደ ቤት ሊመልሳችሁ ይችላል። «ጣቱን ተወጋ» አትበሉ፤ «ከፍተኛ ግፊት ያለው የሃይድሮሊክ ዘይት ወደ ጣቱ ገብቷል» በሉ፤ የተወጋበትን ሰዓት ተናገሩ፤ የዘይቱን ጄሪካን ወይም የላዩን ጽሑፍ ፎቶ ያዙ። መኪና ከታጣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

ከዝዋይ፦ «ባኬቱ እንደተነሳ ቱቦው ማፍሰስ ጀመረ። እንዴት ላውርደው?»

ከሥሩ ማንም እንዳይቀርብ አድርገው፣ ወንበሩ ላይ ሆነው፣ ፍሳሹ ወደ እርስዎ እንደማይረጭ ካረጋገጡ በማንሻው በዝግታ ያውርዱት። ማንሻው ካልታዘዘ ከሥር ገብተው ዳዶ ለመፍታት አይሞክሩ። ቡሙን በክሬን ወይም አቅሙ በታወቀ ማንጠልጠያ መሣሪያ ከላይ መያዝ፣ ከዚያ መፍታት የመካኒክ ሥራ ነው።

ከአዳማ፦ «አዲስ ቱቦ ውድ ነው። የተቀደደውን በጎማ ላስቲክ ጠቅልዬ በፋሼታ ባስረውስ?»

የራዲያተር ቱቦ ቢሆን እስከ ጋራዥ ያደርስዎ ነበር። የሃይድሮሊክ ቱቦ ጥንካሬው ያለው በጎማው መካከል በተጠለፈው የብረት ሽቦ ውስጥ ነው፤ ሽቦው ከተበጠሰ ወይም ከዛገ በላዩ የሚጠቀለል ነገር ሁሉ ፍሳሹን ከዓይን ከመደበቅ ያለፈ ጥቅም የለውም። አዲስ ሲያሠሩ በቱቦው ላይ የታተመውን የሥራ ግፊት ያንብቡ፤ ከማሽንዎ ግፊት በታች ከሆነ ውፍረቱ ቢመሳሰልም አይግዙት። ቱቦው የሚፈነዳው ከሥራ ግፊቱ አራት እጥፍ ላይ እንዲሆን ተደርጎ እንደተሠራ የሚነግርዎ ሻጭ እውነቱን ነው፤ ነገር ግን ያ ትርፍ የተተወው ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ለሚፈጠረው ድንገተኛ ግፊትና ለእርጅና ነው። አሮጌውን ቱቦ ከነመጋጠሚያው ይዘው ይሂዱ፤ ጥርሳቸው የሚመሳሰል ግን የማይገጣጠሙ መጋጠሚያዎች ብዙ ናቸው፤ በግድ የገባ ዳዶም በቴፕ አይታሸግም።