ቁጣችን ወዴት ይሂድ? ለሜሪላንድ ፉትቦል ደጋፊዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከኮሌጅ ፓርክ ድረስ የመጣችሁ ተማሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የምናገረው ስለ ፉትቦል ነው። ስለ አሜሪካው ፉትቦል፣ ስለ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ቡድን፣ ስለ ቴርፕስ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ጊዮርጊስና ቡና የሚጋጠሙ ዕለት እንቅልፍ የማይወስዳችሁ ሰዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ይህን ጨዋታ ግን ብዙዎቻችሁ ከልጆቻችሁ ነው የተማራችሁት። ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ኮሌጅ ፓርክ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ልጆቻችን እዚያ ይማራሉ፣ እዚያ ይመረቃሉ። ወላጆች የምትከፍሉትን ሒሳብ ብታዩት ደግሞ «አትሌቲክስ» የሚል መስመር አለበት፤ የዩኒቨርሲቲውን ስፖርቶች ሁሉ ማለት ነው። ልጃችሁ ስታዲየሙን ረግጦ ባያውቅም ይከፈላል። ስለዚህ ነገሩ ኳስ የሚወዱ ሰዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የእናንተም ነው።

ያለፈውን የውድድር ዘመን ላስታውሳችሁ። ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው። በ2025 የመጀመሪያዎቹን አራት ጨዋታዎች አሸነፍን። ማዲሰን ድረስ ሄደን ዊስኮንሲንን 27 ለ 10 ረታን። ያን ሰሞን ቀዩን ማሊያ ለብሶ የማይሄድ ሰው አልነበረም። ከዚያ ኦክቶበር 4 ቀን የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ መጣ። 20 ለ 0 መራን። በገዛ ሜዳችን፣ ሃያ ለዜሮ! ከዚያ በኋላ አንድም ነጥብ ሳንጨምር 24 ለ 20 ተሸነፍን። በቀጣዩ ሳምንት ኔብራስካ በሦስት ነጥብ አሸነፈን፤ ከዚያ ዩሲኤልኤ እንዲሁ በሦስት ነጥብ። ኖቬምበር ሲገባ ኢንዲያና 55 ለ 10 ደቆሰን። እንዲህ እንዲህ እያለ ስምንት ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፈን ዓመቱን በአራት ድልና በስምንት ሽንፈት ጨረስን። የ2024ም ውጤት ይኸው ነበር፣ አራትና ስምንት።

ሰው ቢናደድ ይፈረድበታል? አይፈረድበትም። ትኬት ገዝቶ፣ የመኪና ማቆሚያ ከፍሎ፣ ልጆቹን ይዞ የሄደ ሰው ቡድኑ በሁለተኛው አጋማሽ ሲፈርስ እያየ ማጨብጨብ የለበትም። «ተረጋጉ፣ ጨዋታ እኮ ነው» የሚሉንን ሰዎች አልቀበልም። ለዋናው አሰልጣኝ በየዓመቱ ሚሊዮኖች የሚከፈሉበት ነገር ለደጋፊው ሲሆን ብቻ «ጨዋታ» ሊባል አይገባም። ቁጣችሁ ተገቢ ነው። ዛሬ የመጣሁት አብርዱት ልላችሁ አይደለም። የመጣሁት ቁጣው ወዴት መሄድ እንዳለበት ልነግራችሁ ነው፤ እስካሁን የሄደበት መንገድ ምንም አላተረፈልንምና።

እስካሁን የሄደበት መንገድ አንድ ነው፦ አሰልጣኙ ይባረር። ታሪኩን እንየው። ራልፍ ፍሪጀን የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ነው። በ2001 ቡድኑን ተረክቦ በመጀመሪያው ዓመት አሥር ጨዋታ አሸንፎ ያን ጊዜ የነበርንበት ሊግ፣ የኤሲሲ ሻምፒዮን አደረገን። በ2010 ደግሞ ዘጠኝ አሸንፎ፣ በሊጉ የዓመቱ አሰልጣኝ ተብሎ ሳለ አሰናበቱት። እሱን የተካው ራንዲ ኤድሳል በመጀመሪያው ዓመቱ ሁለት ጨዋታ አሸንፎ አሥር ተሸነፈ። እሱም በ2015 በውድድሩ መሐል ተባረረ። ዲጄ ደርኪን መጣ፤ ስለ እሱ ቆይቼ እናገራለሁ። ከዚያ የአሁኑ ማይክ ሎክስሊ። በየስንብቱ ኮንትራቱ ያላለቀው አሰልጣኝ ሳይሠራ ገንዘቡን ይቀበላል፤ አዲሱ ደግሞ አዲስ ኮንትራት ይፈርማል።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሜሪላንድ ኤሲሲን ትቶ አሁን ያለንበት ሊግ፣ ቢግ ቴን የገባው በ2014 ነው። ከዚያ ወዲህ በሊጉ ጨዋታዎች ካሸነፍናቸው የተሸነፍናቸው ያነሱበት አንድም ዓመት የለም። አንድም! የተሻለው ያው የመጀመሪያው ዓመት ነበር፣ አራት ድል አራት ሽንፈት። አሰልጣኝ ተቀያየረ፣ ማጥቃቱን የሚመራው ኳስ ወርዋሪ፣ ኳርተርባክ ተቀያየረ፣ ተጫዋቾቹ ሁሉ ተመርቀው ሄደው ሌሎች መጡ፤ ውጤቱ ግን አልተቀየረም። ኦሃዮ ስቴትን አሸንፈን አናውቅም። ይህ የአንድ ሰው ድክመት ቢሆን ኖሮ ሰውየው ሲሄድ አብሮት ይሄድ ነበር። ቢግ ቴን እንድንገባ የወሰኑት አሰልጣኞቹ አይደሉም። የዩኒቨርሲቲው አትሌቲክስ በኪሳራ ውስጥ ስለነበረ በ2012 ሰባት የስፖርት ቡድኖች ተዘጉ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ቢግ ቴን እንደምንሄድ ተነገረ። ገንዘብ ፍለጋ ነበር። ገንዘቡ መጣ። የሊጉ ብርቱ ቡድኖች ግን ለአሥርት ዓመታት የገነቡትን እኛ ገና አልጀመርነውም ነበር።

ለሎክስሊ ሚዛናዊ ልሁን። የዋሽንግተን ዲሲ ልጅ ነው፤ ይህን አካባቢ ያውቀዋል። ከ2021 እስከ 2023 ሦስት የቦውል ጨዋታዎችን፣ ማለትም ጥሩ የሠሩ ቡድኖች በዘመኑ መጨረሻ የሚጋበዙባቸውን፣ በተከታታይ አሸንፎልናል፤ ቨርጂኒያ ቴክን 54 ለ 10 ያሸነፍንበትን ምሽት የሚረሳ ደጋፊ የለም። ከ2024ቱ ውድቀት በኋላም በአደባባይ የመልበሻ ክፍሉን እንዳጣው፣ ማለትም ተጫዋቾቹ ከእጁ እንደወጡ፣ ራሱ ተናገረ። ምክንያቱንም ተናገረ፤ ገንዘብ የሚያገኝና የማያገኝ ተጫዋች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ እርስ በርሱ ተኳረፈ። ከ2021 ጀምሮ የኮሌጅ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው፣ ለምሳሌ በማስታወቂያ፣ ገንዘብ ማግኘት ተፈቅዶላቸዋል። ከጁላይ 2025 ወዲህ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው ለስፖርተኞቻቸው መክፈል ይችላሉ፤ በመጀመሪያው ዓመት ጣሪያው 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ሕጉ ይህን ያህል ሲለወጥ ቡድኑን የሚመሩት ሰዎች ምን አዘጋጁ? በኖቬምበር 2025 የአትሌቲክስ ዳይሬክተሩ ሎክስሊ በ2026ም እንደሚቀጥል አስታወቀ። እኔ ይህን ውሳኔ አልቃወምም፤ ያለ ዕቅድ የሚቆይ አሰልጣኝና ያለ ዕቅድ የሚመጣ አሰልጣኝ ግን ልዩነት የላቸውም። ልንጠይቅ የሚገባን ዕቅዱን ነው።

አሁን ወደ ደርኪን ዘመን ልመለስ። እባካችሁ ወጣቶች ይህን በደንብ ስሙ፤ ብዙዎቻችሁ ያን ጊዜ ልጆች ነበራችሁ።

ሜይ 29 ቀን 2018 ዓ.ም. ጆርዳን ማክኔር የሚባል የ19 ዓመት ልጅ ልምምድ ላይ ነበር። የዚሁ የባልቲሞር አካባቢ ልጅ ነው። ግዙፍ ተጫዋች ነበር፤ በአጥቂው መስመር ፊት ለፊት ቆመው ኳርተርባኩን ከሚጠብቁት አንዱ። የዕለቱ ልምምድ 110 ያርድ፣ መቶ ሜትር ያህል፣ እየደጋገሙ መሮጥ ነበር። ጆርዳን ከሙቀቱ የተነሳ መቆም አቃተው፤ ጓደኞቹ ደግፈው አስጨረሱት። በሙቀት የተመታ ሰው ወዲያው በበረዶ ውኃ ውስጥ ቢነከር ይድናል፤ ይህ በሕክምናው የታወቀ ነው። ጆርዳንን ማንም ውኃ ውስጥ አልነከረውም። ምልክቱ ከታየበት ጊዜ አንስቶ አምቡላንስ እስኪጠራለት ድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ አለፈ። ሆስፒታል ሲደርስ የሰውነቱ ሙቀት 106 ፋራናይት፣ በሴንቲግሬድ 41 ያህል፣ ነበር። ጉበቱ ከጥቅም ውጭ ሆኖ የሌላ ሰው ጉበት ተተከለለት። ጁን 13 ቀን ሞተ።

በዚያ ክረምት በቡድኑ ውስጥ የነበረው ወደ አደባባይ ወጣ። ተጫዋቾች ይዋረዱ ነበር፣ ይፈሩ ነበር። ኋላ ጉዳዩን ያጣራው ኮሚሽንም ችግሩ የቆየው ሰው ለመናገር ስለፈራ መሆኑን ጻፈ። እኛ ደጋፊዎችስ በ2016 እና በ2017 ምን እንጠይቅ ነበር? ስንት ለስንት? ቦውል እንገባለን ወይ? ልጆቹ እንዴት እንደሚያዙ የጠየቀ አልሰማሁም። ደጋፊ ከውጤት በቀር የማይጠይቅ ከሆነ ውጤት አመጣለሁ የሚል ሰው የፈለገውን እንዲያደርግ በሩ ይከፈትለታል።

የ2018 የውድድር ዘመን የተጀመረው ላንዶቨር ላይ ከቴክሳስ ጋር ነበር። የሜሪላንድ አጥቂ ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሜዳ ሲገባ አሥር ሰው ብቻ ሆኖ ተሰለፈ። የጆርዳን ቦታ ባዶ ነበር። ኳሱን ለማስነሳት የተሰጣቸው ሰዓት እስኪያልቅ ሳያስነሱ ቆሙ። ዳኛው እንደ ደንቡ ቅጣት ምልክት ሰጠ፤ ቴክሳሶች ቅጣቱን አንፈልግም አሉ። ያን ቀን 34 ለ 29 አሸነፍን፤ በዚያ ዓመት ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ያ ቅጣት ነው።

ከዚያ ኦክቶበር 30 መጣ። የሜሪላንድን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በበላይነት የሚያስተዳድረው የሬጀንቶች ቦርድ ደርኪን በሥራው ይቀጥል ብሎ ወሰነ፤ ጡረታ የሚወጣው የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ዋላስ ሎ ሆነ። ሰው ተነሳ። ተማሪዎች ለሰልፍ ተጠራሩ፣ የቀድሞ ምሩቃን ተናገሩ፣ የራሱ ቡድን ተጫዋቾች በግልጽ ተቃወሙ፣ የወቅቱ የሜሪላንድ ገዥ ላሪ ሆጋንም ድምፁን አሰማ። በማግስቱ ምሽት ደርኪን ተባረረ። ከአንድ ቀን በኋላ የቦርዱ ሰብሳቢ ሥራውን ለቀቀ። በ2021 ደግሞ በጆርዳን ስም የተጠራ፣ ስፖርተኞችን ከሙቀትና ከጭንቅላት ጉዳት የሚጠብቅ ሕግ በሜሪላንድ ወጣ።

ቁጣችን ወዴት ይሂድ ላልኩት መልሱ ይኸው። በ2025 በስታዲየሙ ውስጥ «ይባረር» እያሉ ስንት ቅዳሜ ጮኹ፤ ምንም አልሆነም። በ2018 ግን ቁጣው ውሳኔ የሚሰጡትን ሰዎች በስማቸው ጠርቶ፣ ስለ ነጥብ ሳይሆን ስለ ሰው ሕይወት ጠየቀ፤ ቦርዱም አንድ ቀን እንኳን መቆም አልቻለም።

አሁን ስለ ልጆቹ ላንሳ፤ ይህ በጣም ያሳስበኛል። የ2025 ኳርተርባካችን ማሊክ ዋሽንግተን ነበር። እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ ሰቨርን ከሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወጣ፣ ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ። ሌላ ዘንድ መሄድ ይችል ነበር፤ ለቤቱ ቡድን መጫወትን መረጠ። ኳስ ሲያስነጥቅ ከየረድፉ የሚወረወርበትን ቃል ሰምቻለሁ፤ እዚህ ልደግመው አልፈልግም። ከኖቬምበር 2022 ጀምሮ ደግሞ በሜሪላንድ በስልክ መወራረድ ተፈቅዷል። ገንዘቡን የተበላ ሰው በዚያው ስልክ ለተጫዋቹ ስድብና ዛቻ ይልካል። ከኛም ልጆች ቅዳሜ ከሰዓት ስልክ ላይ አቀርቅረው የሚውሉ አሉ፤ እናቶች ታውቃላችሁ። ውርርድ ያስያዘ ሰው ደጋፊ አይደለም፤ ገንዘቡን የሚጠብቅ ሰው ነው፤ የሱንም ንዴት እንደ ደጋፊ ቁጣ መቁጠር ማቆም አለብን። አሰልጣኙን ተቹ፣ በሚሊዮን የሚከፈለው ሰው ትችት መሸከም ይችላል። የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱን ልጅ ተዉት።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የሬጀንቶች ቦርድ ስብሰባዎች በአብዛኛው ለሕዝብ ክፍት ናቸው። ይህ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የአሰልጣኙ ኮንትራት የመንግሥት ሰነድ ነው፤ ማንኛውም ነዋሪ በሕግ ጠይቆ ማየት ይችላል። ሎክስሊ ቢነሳ ስንት ይከፈለዋል? ገንዘቡስ ከየት ይመጣል፣ ከለጋሾች ወይስ ከተማሪው ክፍያ? ለተጫዋቾች የሚከፈለው በምን መስፈርት ይከፋፈላል? ተጫዋቹ አሰልጣኙን ሳይፈራ አቤት የሚልበት ቢሮ ለማን ነው ተጠሪነቱ? የጤና ባለሙያዎቹ ልምምድ እንዲቆም ለማዘዝ ሥልጣን አላቸው ወይ? እነዚህን ጥያቄዎች የያዘ ደብዳቤ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። አንብቡት፤ የጎደለ ካለ ጨምሩበት፤ ከተስማማችሁበት ፈርሙ። ተማሪዎች የተማሪነታችሁን፣ ወላጆች ደግሞ ከፋይነታችሁን ከፊርማችሁ አጠገብ ጻፉ፤ ደብዳቤው ክብደት የሚኖረው በዚያ ነው።

ሴፕቴምበር ላይ ደግሞ ስታዲየም እንገናኝ፤ እስከ መጨረሻው ደቂቃም እንቀመጥ። በእረፍት ሰዓት ጥሎ የሚወጣ ሕዝብ ደብዳቤ ቢጽፍ ማን ይሰማዋል?

አመሰግናለሁ።