አጀንዳ አራት፦ የወንጌላዊው ደመወዝ

ሰላም ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ከጀርባ የጎረቤት ጄኔሬተር ይሰማችሁ ይሆናል። መብራት ሄዷል፣ ቻሉት።

ባለፈው ሳምንት እናቴ ቤት ቁምሳጥን ስናስተካክል የአባቴን ደብተር አገኘሁ። ሽፋኑ ጠንካራ ነው፣ ጥግ ጥጉን አይጥ ቀምሶታል። ቃለ ጉባኤ ነው። አባቴ ወለጋ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ የመካነ ኢየሱስ (የሉተራን ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያናችን) ሽማግሌ ነበር፣ የሽማግሌዎቹም ጸሐፊ። እኔ ደግሞ ጽሕፈቷ ያምራል ተብዬ፣ እሱ በረቂቅ የጫረውን በንጹሕ የምገለብጥ ልጅ ነበርኩ። ቅዳሜ ከሰዓት ጓደኞቼ ደጅ ሲጫወቱ እኔ «አጀንዳ አንድ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ» እያልኩ እጽፋለሁ። ስብሰባ የሚባል ነገር ያስጠላኝ ያኔ ነው።

አሁን ደብተሩን ሳገላብጥ አንዲት አጀንዳ ደጋግማ ትመጣለች። «የወንጌላዊው ደመወዝ»። ሁሌ አራተኛ ናት። ውሳኔዋም ያው ነው፦ «ለሚቀጥለው ይደር»።

ለማያውቅ ሰው አሠራሩን ባጭሩ ላስረዳ። ታች ያለው ማኅበረ ምዕመናን ነው፣ ማለትም እሁድ እሁድ የምትሄዱበት ቤተ ክርስቲያን። የሚመራው በተመረጡ ሽማግሌዎች ነው። ማኅበረ ምዕመናኖች ሰበካ ይሆናሉ፣ ሰበካዎች ሲኖዶስ። ከሁሉም በላይ ከየሲኖዶሱ የተወከሉ ሰዎች የሚቀመጡበት ጠቅላላ ጉባኤ አለ። ፕሬዚዳንቱን የሚመርጠው እሱ ነው። ገንዘቡ የሚነሳው ደግሞ ከታች ነው። ከአስራትና ከመባው የተወሰነ ድርሻ ወደ ላይ ይላካል፣ በቀረው ታች ያለው ሥራ ይሠራል። ወንጌላዊው የሚበላው ከዚችው ከቀረችው ነው። አጀንዳ አራት ላይ የተኛችበት ምክንያት ይኸው ነው።

እዚህ ጋ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው። የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ሰዎች ምጽዋ የደረሱት በ1866 ነው። ሐሳባቸው ኦሮሞ አገር መድረስ ነበር፣ ግን መንገዱ እንቢ አላቸው። በመጨረሻ ወለጋ የደረሰው ማን ይመስላችኋል? በ1898 ቦጂ የገባው ገብረ ኤዎስጣቴዎስ የሚባል የኛው ሰው ነው፣ ከሰሜን የመጣ። ከዚያ በ1904 ኦነሲሞስ ነሲብ መጣ። በልጅነቱ በባርነት ተሸጦ፣ ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣ፣ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የመለሰ ሰው። አብራው የሠራችው አስቴር ጋኖ በቋንቋው ሥራ ትልቅ ድርሻ ነበራት፤ ስሟ ግን ሁሌ ከሱ ኋላ ነው የሚነሳው፣ ይሄ ያናድደኛል። ወደ ነገሬ ስመለስ፣ «ሚሲዮናዊ» ሲባል ነጭ ሰው የሚታየን ነገር ከመነሻው ትክክል አልነበረም።

ቤተ ክርስቲያኗ በራሷ ስም የተቋቋመችው በ1959 ነው። ያኔ አባሎቿ ወደ 20,000 ገደማ ነበሩ። ዛሬ ከ10 ሚሊዮን በላይ ናቸው ትላለች። ከስዊድን፣ ከኖርዌይ፣ ከጀርመን የመጡት ሚሲዮኖች የየራሳቸው ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤትና ባጀት ነበራቸው። ቤተ ክርስቲያኗ የራሷ ሰዎች ነበሯት፣ ቁልፉ ግን ሌላ እጅ ነበር። ቁልፉን መረከብ ዓመታት ፈጀ። በስብሰባ ነው የተረከቡት። በዚያው እኔ በጠላሁት ስብሰባ።

አንድ የምወደው ነገር አለ። ከ1963 ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ ፕሬዚዳንት የነበሩት አቶ አማኑኤል አብርሃም ቄስ አልነበሩም። የመንግሥት ሰው ነበሩ፣ ሚኒስትር። ቄሱ ዋና ጸሐፊ ሆኖ በሳቸው ሥር ነው የሚሠራው። ይሄ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነው።

ጉዲና አሜሪካ ተምሮ በ1966 ዋና ጸሐፊ ሆነ። በ1972 ቤተ ክርስቲያኗ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን፣ ማለትም ለዓለም የሉተራን ቤተ ክርስቲያናት ኅብረት፣ እና ለለጋሾቹ አንድ ደብዳቤ ላከች። ነገሩን በኔ አባባል ልንገራችሁ። ለክሊኒክ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለውሃ ገንዘብ ትሰጡናላችሁ፣ እናመሰግናለን። ወንጌላዊ ለማሠልጠን፣ ለስብከት ስንላችሁ ግን የለም ትላላችሁ። ሰውን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን መርዳት እኛ አገር አይታወቅም። ሥጋውም ነፍሱም የአንድ ሰው ነው። ደብዳቤው ወሬ ሆኖ አልቀረም፣ በ1974 ናይሮቢ ላይ ጉዳዩ ራሱን የቻለ ጉባኤ ተጠራበት።

ይህን ሳነብ የተነካሁት ለምን መሰላችሁ? በልጅነቴ አይቼዋለሁ። ግቢያችን ውስጥ የአንድ ፕሮጀክት መኪና ይቆም ነበር፣ አዲስ ላንድክሩዘር። የኛ ወንጌላዊ ደግሞ አራት ወር ደመወዝ ሳይከፈለው፣ በተቀደደ ቦቲ ጫማ ሦስት ሰዓት በእግሩ እየሄደ ይሰብካል። ስለ መኪናው ነዳጅ ወር በወር ሪፖርት ይጻፋል። ስለ ቦቲው ማንም አልጠየቀም። ያን ፕሮጀክት ማን እንደሚያንቀሳቅሰው አልናገርም፣ ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም። የነዳጁ ሣጥን ሌላ ነው፣ የወንጌላዊው ሣጥን ሌላ ነው፣ በቃ።

ጉዲና ምን እንደሆነ የማታውቁ ካላችሁ፣ በሐምሌ 1979 አዲስ አበባ ላይ ታፍኖ ተወሰደ። ተገድሎ እንደነበር የታወቀው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ አስከሬኑ ሲገኝ ነው። ሚስቱ ፀሐይ ቶሎሳ አሥር ዓመት ታሰረች። ከመታፈኑ በፊት ከአገር እንዲወጣ መንገድ ተከፍቶለት ነበር፣ መንጋዬን ትቼ አልሄድም አለ። ወለጋ ውስጥ ብዙ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋ። ያኔ ሥራውን ያቆየው የሽማግሌዎች ጉባኤ ነው፣ ቤት ለቤት።

ቁልፍ መረከብ ዋጋ እንደሚያስከፍል ደግሞ በ2013 ታየ። ጠቅላላ ጉባኤው በተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ጉዳይ ምክንያት ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና ከአሜሪካው ትልቁ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበረውን ግንኙነት አቋረጠ። ውሳኔውን የሚደግፍም የሚቃወምም አለ፣ ዛሬ እዚያ ውስጥ አልገባም። እኔን የገረመኝ፣ ገንዘብ የሚሰጥን ወዳጅ በጉባኤ ውሳኔ «በቃ» ማለት መቻሉ ነው። አጀንዳ አራትን ሲያሳድር የነበረው ቤት ነው እኮ!

ወደ ደብተሩ ልመለስ። መጨረሻ አካባቢ አንድ ገጽ አለ፣ በኔ ጽሕፈት። መገልበጤን ፈጽሞ አላስታውስም። ሴቶች ማኅበር ለሽማግሌዎቹ ማመልከቻ አስገብቷል። እያንዳንዷ ሴት ከጓሮዋ ቡና ታወጣለች፣ ተሸጦ ለወንጌላዊው ይሰጥ፣ ግን ሒሳቡን እኛው እንያዝ ይላል። ሽማግሌዎቹ ሒሳቡ ላይ ብዙ እንደተከራከሩ ያስታውቃል፣ አባቴ ሁለት ቦታ ሰርዟል። ከዚያ እንዲህ ይላል፦

«አጀንዳ አንድ፣ የወንጌላዊው ደመወዝ። ቡናው ይሸጥ፣ ሒሳቡን ሴቶች ማኅበር ይያዝ። አጀንዳ ሁለት፣ የጣሪያው ቆርቆሮ። ለሚቀጥለው ይደር።»